ደምበጫና ዎልፍቪል፦ መንገደኛን እንግዳ ስለ ማድረግ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚያቀና መንገደኛ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ደጀንንና ሉማሜን አልፎ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ እፎይ ካለ በኋላ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ደምበጫ ይደርሳል። አስፋልቱ ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። አውቶቡስ ለምሳ የቆመ እንደ ሆነ መንገደኛው እጁን ታጥቦ ይበላል፤ ቡናውን ፉት ይላል፤ ረዳቱ የመኪናውን ጎን መታ መታ ሲያደርግ ተሯሩጦ ይሳፈራል። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ደምበጫ ለእርሱ የምሳ ቦታ ናት። ከመስኮቱ ማዶ ያለው ወንዝ ማን እንደሚባል፣ ከከተማዋ ወደ ሰሜን የሚታጠፈው መንገድ ወደ የት እንደሚያደርስ፣ በእነዚያ እርሻዎች ላይ ምን እንደ ተፈጸመ አይጠይቅም፤ የሚነግረውም የለም።

ስለ ትናንሽ ከተሞችና ስለ ቱሪዝም በአገራችን የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ እዚህ ላይ ሲደርስ ወደ ሆቴል ቁጥር፣ ወደ መንገድ ጥራትና ወደ በጀት ይሻገራል። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊዎች ናቸው። ነገር ግን መንገዱ አለ፤ ምግብ ቤቱም አለ፤ ሰውም በየቀኑ ያልፋል። የጎደለው መንገደኛውን ወደ እንግዳ የሚለውጠው ነገር ነው። ይህ ነገር ምን እንደ ሆነ ለማየት እጅግ ሩቅ የሆነችና በመጠን ግን ከደምበጫ የማትበልጥ አንዲት ከተማ ጥሩ ማነጻጸሪያ ትሆናለች፤ በካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በኖቫ ስኮሺያ አውራጃ የምትገኘው ዎልፍቪል።

ዎልፍቪል አምስት ሺሕ ያህል ነዋሪዎች ያሏት ከተማ ናት። አካዲያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1838 የተመሠረተባት በመሆኑ በትምህርት ዘመን የተማሪው ቁጥር ከነዋሪው ቁጥር ጋር የሚቀራረብባት ስፍራ ናት። የቀድሞ ስሟ «ጭቃ ወንዝ» ማለት ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ግን ነዋሪዎቿ በስሙ አፍረው በአካባቢው በነበረ አንድ ታላቅ ቤተሰብ ስም ለወጡት። ከተማዋ የተኛችው በፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ነው። በዚያ የባሕሩ ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ እየሞላ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ የሙላቱ ከፍታም በዓለም ተወዳዳሪ የለውም፤ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። በባሕሩ አጠገብ ያለው ለም መሬት ደግሞ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ አካዲያውያን የተባሉት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ገበሬዎች በአፈር ግድብ እየከለሉ ከጨው ውኃ ነጥቀው ያቀኑት ነው።

እነዚህ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1755 በእንግሊዝ ጦር ተይዘው፣ ቤታቸው ተቃጥሎ፣ በመርከብ ተጭነው ተጋዙ። ከዎልፍቪል ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ የምትገኘው ግራን ፕሬ የዚህ ግዞት ዋና መታሰቢያ ናት። ከ92 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1847፣ ሎንግፌሎ የተባለው አሜሪካዊ ባለቅኔ በግዞቱ ስለ ተለያዩ ሁለት እጮኛሞች «ኢቫንጀሊን» የተሰኘ ረዥም ግጥም አሳተመ። ባለቅኔው ግራን ፕሬን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ሆኖም አንባቢው ግጥሙን ይዞ ስፍራውን መፈለግ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1869 በሸለቆው የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ኩባንያው አገሩን «የኢቫንጀሊን ምድር» እያለ ለቦስተንና ለኒውዮርክ መንገደኛ ያስተዋውቅ ነበር። ተሳፋሪው ግን ሲወርድ የሚያየው ባዶ መስክ፣ ጥቂት ያረጁ የአኻያ ዛፎችና አንድ የውኃ ጉድጓድ ነበር። መጽሐፉ እንግዳውን አመጣው፤ እንግዳውን የሚቀበል ግን አልነበረም።

የታሪኩ ቁም ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጆን ፍሬደሪክ ኸርቢን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1890 ከአካዲያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ ተመረቀ። እናቱ ከተጋዙት የአካዲያውያን ወገን ነበረች። ኸርቢን ከተመረቀ በኋላ ወደ ትልቅ ከተማ አልሄደም፤ ዎልፍቪል ውስጥ የጌጣጌጥ መደብር ይዞ ተቀመጠ። በትርፍ ጊዜው የግራን ፕሬን ታሪክ እየሰበሰበ መጽሐፍ ጻፈ። የከተማዋም ከንቲባ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1907 የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን የነበረበትን መሬት በራሱ ገንዘብ ገዛ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ከፍርስራሹ በተሰበሰበ ድንጋይ መስቀል አቆመበት። እ.ኤ.አ. በ1917 መሬቱን ለባቡር ኩባንያው ሲሸጥ የአካዲያውያን ልጆች በስፍራው አጠባበቅ ድርሻ እንዲኖራቸው አድርጎ ነው። የኢቫንጀሊን ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1920 ቆመ፤ የመታሰቢያው ቤተ ክርስቲያን ተከተለ፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2012 የግራን ፕሬ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ትምህርት «ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ቱሪስት ትስባለች» የሚል ነው። ይህ አባባል ነገሩን ገልብጦ የሚያይ ነው። አካዲያ ዩኒቨርሲቲ ለ70 ዓመታት ያህል ከግራን ፕሬ አጠገብ ቆሞ ሳለ ስፍራው ባዶ መስክ ነበር። ለውጡን ያመጣው የዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ወይም ዕቅድ ሳይሆን፣ ተምሮ በከተማዋ የቀረ አንድ ባለ ሱቅ ነው። የዩኒቨርሲቲው ድርሻ ሌላ ነው። የአካባቢውን የቤተሰብና የአብያተ ክርስቲያናት መዛግብት ያከማቻል፤ የአካባቢውን ዕፀዋት የሚያሳይ የአትክልት ስፍራ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንደ ኸርቢን ያለ ሰው የሚጽፈውን እንዲያውቅ አድርጎ ያስተምራል። ይህ ልዩነት ለደምበጫ ወሳኝ ነው፤ ደምበጫ የዩኒቨርሲቲ መቀመጫ አይደለችምና።

ደምበጫ ዩኒቨርሲቲ አይኑራት እንጂ በዩኒቨርሲቲዎች መካከል ናት። በስተ ምሥራቅ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በስተ ምዕራብ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ የቡሬ ካምፓስ፣ ከዚያም አልፎ ከአራተኛው ትውልድ የሆነው እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ከሦስቱም የሚወጣና የሚገባ ተማሪ በደምበጫ ያልፋል። የደምበጫ ልጆችም ከሦስቱም ይመረቃሉ። ስለዚህ ጥያቄው «ለደምበጫ መቼ ካምፓስ ይከፈትላታል?» ሳይሆን «ከደምበጫ የወጣ ምሩቅ ለደምበጫ ምን ጽፎላት ያውቃል?» የሚል መሆን ይገባዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል፤ ሁለተኛው እምብዛም አይሰማም።

የሚጻፍ ነገር ስለሌለ ግን አይደለም። ከደምበጫ ወደ ምዕራብ ጅጋንና ፍኖተ ሰላምን አልፎ ማንኩሳ ይገኛል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው ማንኩሳ ላይ መሆኑን የማያውቅ የአማርኛ አንባቢ ማግኘት ያስቸግራል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ ከማንኩሳ ተነሥቶ ዲማ ላይ ይጎለምሳል። በውጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ደግሞ ማንበብ የማይችለው ሰው ሳይቀር በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቶቹ አወቃቸው፤ ስለ ጉዱ ካሣም ተከራከረ። ዛሬ ከማንኩሳ ተነሥቶ በመኪና ወደ ዲማ የሚሄድ ሰው መንገዱ በፍኖተ ሰላም፣ በጅጋ፣ በደምበጫ፣ በአማኑኤልና በደብረ ማርቆስ ነው። ደምበጫ በዚህ የመጽሐፍ መንገድ ላይ ተቀምጣለች ማለት ነው።

ከግራን ፕሬ ጋር ሲነጻጸር የጎጃም ዕድል የተሻለ ነው። ሎንግፌሎ ያላየውን አገር በሩቅ ሆኖ አልሞ ጻፈ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ከደብረ ማርቆስ አጠገብ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለደ፣ በዚያው አገር ቅኔ የተማረ፣ ከዚያም አርበኛ፣ ምርኮኛ፣ ዲፕሎማትና የትምህርት ሚኒስትር የሆነ ሰው ነው። የጻፈው ሥርዓት፣ የጻፈው የግብር ጭቅጭቅ፣ የጻፈው የቅኔ ቤት ሕይወት የሚያውቀው ነው። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም በስሙ የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም አለ። ይሁን እንጂ ማንኩሳ ላይ የሚወርድ አንባቢ ኸርቢን ከመምጣቱ በፊት ግራን ፕሬ ላይ ይወርድ ከነበረው ተሳፋሪ የሚሻል ነገር አይጠብቀውም። መጽሐፉ የራሱን ሥራ ከሠራ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። የቀረው የተቀባዩ ሥራ ነው።

ደምበጫ የራሷ የሆነም አላት። በየካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ያፈገፍግ የነበረው ብዙ ሺሕ የጣሊያን ጦር በደምበጫ አቅራቢያ ወንዝ ዳር ካደረው ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ድንገት ተጋጠመ። ይህ ሻለቃ በስደት ከነበሩ ኢትዮጵያውያን የተቋቋመ ሲሆን በቁጥር እጅግ ከሚበልጠው ጠላት ጋር ተዋግቶ ከባድ ጉዳት ደርሶበታል፤ ጠላትንም ጎድቷል። ከአንድ ወር በኋላ፣ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ከዚያም ሌላ አንድ ወር ቆይተው ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። የሚያዝያ 27ን በዓል አገር ያከብረዋል። ወደ ሚያዝያ 27 የሚያደርሰው ደም ከፈሰሰባቸው ስፍራዎች አንዱ አንድ ሰው ምሳ በልቶ የሚያልፍበት መንገድ ዳር መሆኑን ግን የውጭ ጸሐፊዎች የጦርነቱ ታሪኮች ይተርኩታል እንጂ የምሳ ቤቱ አስተናጋጅ ለመንገደኛው አይተርከውም። በአስተናጋጁ መፍረድ አይገባም፤ እርሱም በትምህርት ቤት አልተማረውም።

ተምጫም አለ። የጮቄ ተራራ ሰንሰለት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ውኃውን በየአቅጣጫው ሲያወርድ፣ ጨሞጋን ለደብረ ማርቆስ፣ ተምጫን ለደምበጫ ይሰጣል። ተምጫ በደምበጫ አጠገብ የውኃ መጠኑ የሚለካ በመሆኑ ስለ ዓባይ ተፋሰስ የሚያጠኑ ሰዎች «ተምጫ፣ ደምበጫ አጠገብ» የሚለውን ስም በየሰንጠረዡ ያውቁታል። አንድ ከተማ በዓለም የሳይንስ መጽሔቶች ውስጥ የምትታወቀው በወንዟ የፍሰት ቁጥር፣ በአገሯ ደግሞ በምሳዋ መሆኑ የሚያስፈግግ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተትም ተመራማሪና ነዋሪ ምን ያህል እንደ ተራራቁ ያሳያል። ከከተማዋ ወደ ፈረስ ቤት የሚወጣው መንገድ ደግሞ ወደ ደጋ ዳሞት ይወስዳል።

ከዚህ ሁሉ የሚጠልቀው ግን የጎጃም የእንግዳ አቀባበል ታሪክ ነው። ቱሪዝም የሚለው ቃል ወደ አገራችን ከመግባቱ ከብዙ መቶ ዘመናት በፊት ጎጃም የተማሪ መዳረሻ ነበረች። ከሦስቱ የታወቁ የቅኔ ቤቶች፣ ማለትም ከዋድላ፣ ከዋሸራና ከጎንጅ፣ ሁለቱ የጎጃም ናቸው። ከትግራይ፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጎንደር የተነሣ ተማሪ ደበሎውን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በእግሩ ወራት ተጉዞ ይመጣ ነበር። ሲመሽበት «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጃፍ ላይ ይቆማል፤ ሲነጋ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይለምናል። የሚያሳድረው ገበሬ፣ ቁራሽ የምትሰጠው እናት፣ ጎጆ የሚቀልስበትን መሬት የሚፈቅደው ደብር በአንድነት ሲታዩ፣ ዛሬ በካናዳ «የዩኒቨርሲቲ ከተማ» የሚባለውን ነገር የሚመስሉ ናቸው፤ ልዩነቱ ደመወዝና የቤት ኪራይ አለመኖሩ ነው። ትምህርት ቤቱ በአካባቢው ሕዝብ ይኖራል፤ ሕዝቡም በትምህርት ቤቱ ይታወቃል። ዋሸራን ዋሸራ ያደረጋት ድንጋይዋ አይደለም። ተምሮባት የሄደው ሁሉ በየደረሰበት ስሟን ስለ ጠራት ነው።

ይህን ንጽጽር ከሚገባው በላይ መግፋት ግን አደጋ አለው። የቅኔ ጉባኤ ቤት ለጎብኚ የሚታይ ትርኢት አይደለም። ተማሪው የሚማረው በረሃብና በጸጥታ ነው፤ መምህሩ ቅኔ ሲነግሩ በመካከል ካሜራ የሚያነሣ ሰው ጉባኤውን ይሰብራል። በአገራችን የባህል ቱሪዝም ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ይህ ነው፦ ሕያው የሆነውን ነገር አቁሞ ማሳየት። ግራን ፕሬም ከዚህ ነቀፋ አላመለጠችም። የባቡር ኩባንያው የአንድን ሕዝብ መጋዝ የፍቅር ታሪክ አድርጎ ሸጦታል፤ ከአካዲያውያን በፊት በምድሩ የነበሩት የሚክማክ ሕዝቦችም በዚያ ትረካ ውስጥ ለረዥም ጊዜ ስፍራ አልነበራቸውም። ስለዚህ እንግዳ የሚጋበዘው ወደ ጉባኤ ቤቱ ውስጥ ሳይሆን ስለ ጉባኤ ቤቱ ወደሚነገርበት ስፍራ ቢሆን ይሻላል። የትኛው በር እንደሚከፈትና የትኛው እንደሚዘጋ የሚወስኑትም መምህራኑና ደብሩ እንጂ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መሆን የለበትም።

ሌላው ከዎልፍቪል በቀጥታ ሊቀዳ የማይችለው ነገር ወቅቱ ነው። በካናዳ ትናንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ሁለት ዓይነት ሰው በተራ ያስተናግዳሉ። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ተማሪው አለ፤ በበጋ ተማሪው ሲወጣ ጎብኚው ይገባል፤ የተማሪው ማደሪያ ሳይቀር ለጎብኚ ይከራያል። አንዱ ሲሄድ ሌላው ስለሚተካው ምግብ ቤቱና ሱቁ ዓመቱን ሙሉ አይዘጉም። በጎጃም ደጋ ግን ተማሪው የሚወጣው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ጎብኚም አይመጣም፤ መንገዱ ይጨቀያል፣ ጮቄ በጉም ይሸፈናል። መስቀል አልፎ አደይ ሲፈነዳ፣ ጤፉ ሲያሸት፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ አገሩ ለዓይን ሲያምር ተማሪውም ጎብኚውም አብረው ይመጣሉ። የሁለቱ ወቅት አንድ ነው። የካናዳን ሞዴል አምጥተን እንትከል የሚል የፕሮጀክት ሰነድ ይህን አንድ ነጥብ ካላየ ገና በመጀመሪያው ክረምት ይወድቃል።

ሆኖም ክረምቱም ቢሆን ባዶ አልነበረም። የክረምት መርሐ ግብር የሚማሩ መምህራን ከየወረዳው ተነሥተው በሐምሌና በነሐሴ ወደ ዩኒቨርሲቲዎቹ ይገባሉ። እነዚህ ሰዎች ደመወዝተኞች ናቸው፤ ለታሪክ ጆሮ አላቸው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መስከረም ላይ ተመልሰው ብዙ ልጆች የሚያስተምሩ ናቸው። ለመምህሩ ስለ የካቲት 27 አንድ ጊዜ የነገረ ሰው ለአንድ ክፍል ተማሪ ነግሯል። የምረቃ ሰሞንም አለ። ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪዎችን በመላ አገሪቱ ስለሚመድብ፣ ልጃቸውን ለማስመረቅ ጎጃምን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረግጡ እናቶችና አባቶች ከሩቅ አገር ይመጣሉ። እነርሱን ቱሪስት ብሎ የሚቆጥራቸው የለም፤ ቱሪስት ሲባል ካሜራ ያንጠለጠለ ፈረንጅ ስለሚታሰብ ነው። ነገር ግን ያድራሉ፣ ይበላሉ፣ ቅቤና ማር ገዝተው ይመለሳሉ፤ ያዩትንም ይናገራሉ።

በዚህ ረገድ ከእንጅባራ ጎረቤት የሚቀስሙት ነገር አለ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። በዓሉ ፈረስ በዓድዋና በአርበኞች ዘመን የሠራውን ውለታ የሚያስታውስ ነው። ዩኒቨርሲቲው ወደ እንጅባራ ሲመጣ በዓሉ በመቶ ዓመት ሩብ ሩቡ ሲቆጠር ከሦስት ሩብ በላይ ዕድሜ ነበረው። ሕዝቡ ያቆየውን ዩኒቨርሲቲው ደረሰበት እንጂ አልፈጠረውም። በከተማዋ መግቢያ አስፋልቱ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅም እንዲሁ ነው፤ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ጥልቅ ሐይቅ ማስታወቂያ ሳይጠብቅ መንገደኛን ከመኪናው ያስወርዳል። ደምበጫ ዘንገና የላትም። አንድ ከተማ በዓይን የሚታይ ድንቅ ነገር ሳይኖራት እንግዳ ልታቆም የምትችለው በሚነገር ነገር ነው፤ ግራን ፕሬም ብትሆን መስክ ናት።

ይህን ሁሉ ሲያነብ «አሁን የዚህ ጊዜ ነው ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የጮቄ ተራሮች ሥነ ምህዳር መንደር የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው አንዱ ሆኖ ነበር። ዓመት ሳይቆይ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ፣ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገዱን ዘጋው። የአውቶቡስ ጉዞ ተቆራረጠ፤ የትምህርት ዘመኑ ተዛባ፤ ሰው ከደጀን ወዲያ ለመሻገር ሁለት ጊዜ ማሰብ ጀመረ። ሕይወት በሚጠፋበት ወቅት ስለ ጎብኚ መጻፍ ቅንጦት ይመስላል። ሆኖም መንገድ ሲዘጋ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ ደምበጫ ላይ በግልጽ ይታያል፦ ሻይ አፍይ፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ አልጋ አከራይ፣ ጫማ ጠራጊ። ምሳ የሚበላው መንገደኛ ሲቀር እንኳ ከተማዋ ይህን ያህል ከተጎዳች፣ መንገደኛው ለአንድ ሌሊት ቢያድርባት ምን ያህል ልትጠቀም እንደምትችል ማስላት ይቻላል። በተጨማሪም የሚጻፍ ነገር ሰላምን አይጠብቅም። ኸርቢን መስቀሉን ከማቆሙ በፊት ለብዙ ዓመታት የሠራው የግራን ፕሬን ታሪክ መሰብሰብ ነበር። የየካቲት 1933ን ውጊያ በልጅነታቸው የሰሙና ያዩ ሽማግሌዎች ግን የሰላሙን ቀን ጠብቀው አይቆዩም። ይህ ጉዳይ ከሌላው ሁሉ የሚያስቸኩለው በዚህ ምክንያት ነው።

የጎጃም ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በየዓመቱ ስለ አካባቢው ይጽፋሉ። ስለ ቦታ ስሞች፣ ስለ ቃል ግጥም፣ ስለ መሬት ይዞታ፣ ስለ ተፋሰስ፣ ስለ ገበያ የሚዘጋጁ የመመረቂያ ጽሑፎች በአራትና በአምስት ቅጂ ተጠርዘው አንዱ ለአማካሪ፣ አንዱ ለቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ለተመራማሪው እናት ሳጥን ይደርሳሉ። ስለ ደምበጫ የተጻፈ ጽሑፍ በደምበጫ የሚነበብበት መንገድ ግን አልተበጀም። አንድ ቅጂ ለወረዳው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወይም ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ እንዲሰጥ የሚያዝ አንድ መስመር በድኅረ ምረቃ መመሪያ ውስጥ ቢገባ ወጪው የአንድ መጠረዣ ዋጋ ነው። ከዚያም በላይ ተመራማሪው የጽሑፉን ዋና ነገር በሁለት ገጽ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ጮክ ተብሎ በሚነበብ አማርኛ አሳጥሮ እንዲያቀርብ ቢጠየቅ ፈተናው ለራሱም ይጠቅመዋል። አንዳንድ መምህራን ይህ የምርምርን ክብር ዝቅ ያደርጋል ይሉ ይሆናል። ተጠሪው ያልገባው ምርምር ግን ክብሩ ለማን እንደ ሆነ ግልጽ አይደለም።

ወረዳውም የራሱ ድርሻ አለው፤ ያም ከባድ አይደለም። ውጊያው የተካሄደበትን ስፍራ ከሽማግሌዎች ጋር ሄዶ መለየት፣ ስፍራው በግንባታ ወይም በቁፋሮ ከመጥፋቱ በፊት ወሰኑን መከለል፣ ለምሳ የሚቆም አውቶቡስ በሚያርፍበት አጠገብ አጭር ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ መትከል በቂ ጅምር ነው። ትልቅ ሐውልት ከመሥራት በፊት የጽሑፉ እውነትነት ይቅደም። በየአገሩ በተሳሳተ ቀን የቆሙ ሐውልቶች ማንም ሊያርማቸው ሳይደፍር ይኖራሉ።

መንገዱ ተከፍቶ፣ የምረቃው ሰሞን በጊዜው መከበር ሲጀምር፣ ከጎንደርና ከባሕር ዳር ወገን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወርዱ ቤተሰቦች አውቶቡሳቸው ደምበጫ ላይ ለምሳ ይቆማል። ካባውን በፌስታል ጠቅልሎ ከእናቱ አጠገብ የተቀመጠው ተመራቂ ለአራት ዓመት በዚያ መንገድ ሲመላለስ ኖሯል። እናቱ በመስኮቱ ወደ ወንዙ እያዩ «ይህ ደግሞ ማን ይባላል?» ብለው ይጠይቁታል።